የመርጡለ ማርያም ቅጥርና የካህናቱ ቤት

ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዱ አስቀድሞ፥ በእነብሴ ሳር ምድር ከአንድ ጥንታዊ ቅጥር ይደርሳል። ስሙ መርጡለ ማርያም ነው። መርጡል በግዕዝ አዳራሽ ወይም ድንኳን ማለት ስለ ሆነ ስሙ ራሱ የቤት ስም ነው። እኛም ዛሬ ለአንባብያን ልናወሳ ያሰብነው ስለ ቤት ነው፤ ስለ መቅደሱ ብቻ ሳይሆን፥ በጥላው ሥር ስላደሩት ካህናትና ተማሪዎች ቤት ጭምር።

የደብሩ ትውፊት መሥራቾቹ ነገሥታቱ አብርሃና አጽብሃ ናቸው ይላል፤ ከዚያም በፊት ሥፍራው የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብበት እንደ ነበረ ይተርካል። በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየን ግን የእቴጌ እሌኒ ሥራ ነው። እሌኒ ከሐድያ ተወልደው የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት የሆኑ፥ በአፄ ልብነ ድንግል ሕፃንነትም ጊዜ መንግሥቱን በምክር የደገፉ ሴት ነበሩ። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ጴሮ ዳ ኮቪልያ የነገረውን ሲጽፍ፥ እሌኒ በጎጃም ባሠሩትና በኋላም በተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ እንደ ተለበጠ ይናገራል። ሊቃውንት ይህ ቤተ ክርስቲያን መርጡለ ማርያም ነው ይላሉ።

ወርቁ አልሰነበተም። በአሕመድ ግራኝ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ ጠፋ። በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን መነኮሳት በፍራሹ ላይ እንደ ገና ሠሩ፤ በ1624 ዓ.ም. የአባቶች ሃይማኖት ሲመለስ እነርሱም ከሀገር ወጡ። የቀረው በኖራ የተያያዘው ግንብና የተቀረጸው ድንጋይ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1834 ዓ.ም. ግድም ጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ፍራሽ የጻፈው ጽሑፍ በሎንዶን ታትሟል። ባዕድ ከሩቅ መጥቶ ሲጽፈው፥ እኛ የቅርቦቹ ግንቡን ተደግፈን ጥላ ከመፈለግ በቀር ብዙም አላሰብንበትም፤ ይህን ስንል ራሳችንን ጨምረን ነው።

ሆኖም ግንቡን ጠብቆ ያቆየው ጽሑፍ አይደለም፤ በአጠገቡ ያደረ ሰው ነው። የደብሩ አለቃ ርእሰ ርኡሳን ይባላል። ከእርሱ በታች ቄሰ ገበዙ፥ መሪጌታው፥ ሰሞነኞቹ ቀሳውስትና ዲያቆናት አሉ። በቀድሞው ሥርዓት የእነዚህ ሁሉ ኑሮ በመሬት ላይ የቆመ ነበር። የቀደሰ፥ የማኅሌት የቆመ፥ ደወል የደወለ ሁሉ የአገልግሎቱን መሬት ይበላል። ወራሹ ካልተማረ በምትኩ የሚያገለግል ካህን ማቆም ነበረበት፤ ስለዚህ አባት ልጁን ፊደል የሚያስቆጥረው ለነፍሱ ብቻ ሳይሆን ለእርሻውም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ ማሰሪያ ተፈታ። ብዙ ጭሰኛ ከሸክም ዐረፈ፤ ካህኑም እንደ ጎረቤቱ በድርሻው የሚያርስ ገበሬ ሆነ። በሰሞኑ ግን ሌሊት ተነሥቶ መቀደሱን አልተወም፤ በሬው የሚጠመደው ከቅዳሴ በኋላ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው የተማሪዎቹ ጎጆ ነው። በጎጃም አድባራት ዙሪያ እንደ እንጉዳይ የበቀሉትን እነዚያን ጎጆዎች የማያውቅ የለም። ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ይጠጉበታል፤ መደብ፥ ምድጃ፥ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ አኩፋዳ ያለበት ቤት ነው። ባለቤት የለውም፤ ተማሪው ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ሌላ መምህር ሲሄድ ለመጪው ተማሪ ትቶለት ይሄዳል። እኛም በልጅነታችን በአንድ ደብር ጥግ ከእንዲህ ያለ ጎጆ ገብተን ነበር። በክረምት ጣራው ሲያፈስ ደበሏችንን ተከናንበን ከምድጃው ዳር እንቆማለን፤ ሲነጋም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ከመንደር ወደ መንደር እንዞራለን። ውሻ የነከሰን እግር ዛሬም ምልክቱ አለበት። በኋላ አስኳላ ገባንና ጎጆውን ለአንድ የዳዊት ተማሪ አስረክበን ወጣን። እርሱ ለማን እንዳስረከበው አልጠየቅንም።

ዛሬ ከየደብሩ ስንደርስ ዓይናችን አስቀድሞ የሚያየው እነዚያን ጎጆዎች ነው። ከሰኔ በፊት ሣር ያልለበሰ ጎጆ ክረምቱን አይሻገርም። ሣሩን ከሜዳ አጭዶ፥ ተሸክሞ አምጥቶ የሚከድነው ያው ልጁ ነው፤ በዚያው ቀን ደግሞ ቃል ትምህርቱን ለመምህሩ ማሰማት አለበት። በ21 ለማርያም በዓል ወደ መርጡለ ማርያም የሚወጡ አንባብያን ግንቡን ከተሳለሙ በኋላ ወደ ጎጆዎቹም ጎራ ይበሉ፤ አንድ ሸክም ሣር ለአንድ ጎን ይበቃል።