ስለ አንድ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድንና በ1958 ዓ.ም. ስላደረገው ውድድር

በመጽሔታችን ስለ ስፖርት ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሩጫና እግር ኳስ ነው። ይህም አያስገርምም፤ አገራችን በእነዚህ ስሟ ተጠርቷልና። እኔ ግን ዘንድሮ ብዙዎቻችን በቅርብ ስለማናውቀው ስለ ቅርጫት ኳስ፣ በተለይም አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ የወንዶች ቡድን በ1958 ዓ.ም. ስላደረገው ውድድር ለመጻፍ መርጫለሁ። የመረጥሁበትም ምክንያት ነገሩ የኳስ ብቻ ስላልሆነ ነው። አንድ ቡድን በምን እንደሚያሸንፍ፣ ወደ ሜዳ መግባት የሚገባውም ማን እንደሆነ የሚያስተምር ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍሁት በእኛ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው አመጣጥ ጥቂት ልበል። ቅርጫት ኳስ እንደ ገና ጨዋታ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አይደለም፤ የፈለሰፈው ሰውም ጊዜውም የታወቀ ነው። በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በተባለች ከተማ፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባሉ የካናዳ ተወላጅ በወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ወወክማ በአገራችንም ስሙ የታወቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነው። ብርዱ ጠንክሮ ተማሪዎቹ ደጅ ወጥተው መጫወት ስላልቻሉ፣ መምህሩ በአዳራሽ ውስጥ የሚሆን አዲስ ጨዋታ አሰቡ። የኮክ ፍሬ የሚለቀምባቸውን ሁለት ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ ወዲህና ወዲያ ሰቀሉ፤ አሥራ ሦስት ሕግም ጻፉ። በመጀመሪያው ጨዋታ ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው ሲጫወቱ ኳሱ ቅርጫት ውስጥ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ዛሬ ከየወገኑ የሚሰለፉት አምስት አምስት ናቸው። ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ኳስ የያዘ ሰው ታቅፎ መሮጥ አይፈቀድለትም፤ እያነጠረ መሄድ ወይም ለጓደኛው ማቀበል አለበት። በ1958 ዓ.ም. በጨዋታ መካከል የገባ ኳስ ሁሉ 2 ነጥብ ያሰጥ ነበር፤ ከሩቅ ሲገባ የሚሰጠው 3 ነጥብ በኮሌጆች ዘንድ የመጣው ኋላ ነው። ተጋጣሚው ጥፋት ከሠራበት ግን ተጫዋቹ ከቅርጫቱ 4 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይቆምና ማንም ሳይከለክለው ይወረውራል። ይህ የቅጣት ውርወራ ሲገባ 1 ነጥብ ነው። አንባቢ ይህችን አንድ ነጥብ እንዳይረሳት እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ታስፈልገናለች።

በጊንጪ ይህ ጨዋታ ያልተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ያለው ከእግራችን በታች ነው። መረሬ መሬታችን ለእህል እንጂ ኳስ ለማንጠር አይመችም። ክረምት ጭቃ ሆኖ ኳሱን ይይዘዋል፤ በጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ወዳላሰቡት ያፈናጥረዋል። ቅርጫት ኳስ ሲሚንቶ ወይም ጣውላ የተነጠፈበት መሬት ይፈልጋል። ስለዚህ ነው ብዙዎቻችን ጨዋታውን ከመጫወት ይልቅ በወሬ የምናውቀው።

አሁን ወደ ቡድኑ ልመለስ። ቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ ይባል የነበረው ትምህርት ቤት የሚገኘው በቴክሳስ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በሜክሲኮ ወሰን ላይ ባለችው በኤል ፓሶ ከተማ ነው። መጀመሪያ የተቋቋመው የማዕድን ሥራ ለማስተማር ነበር፤ ዛሬ በኤል ፓሶ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በ1953 ዓ.ም. ዶን ሃስኪንስ የተባሉ ወጣት አሠልጣኝ ተቀጠሩበት። እኒህ ሰው ቀደም ሲል በቴክሳስ ትንንሽ ከተሞች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወንዶችንም የሴቶችንም ቡድን ሲያሠለጥኑ የቆዩ ናቸው። ከመምህራቸው ከሄንሪ አይባ የተማሩትም ትልቁ ነገር፣ ጨዋታ ከማግባት በፊት በመከላከል ይጀመራል የሚለው ነው።

በ1998 ዓ.ም. ስለዚህ ቡድን የወጣው ፊልም፣ አሠልጣኙ በመጡበት ዓመት ዋንጫ እንደ ወሰዱ አድርጎ ያሳያል። እውነቱ ግን ድሉ የመጣው በአምስተኛው ዓመታቸው ነው። ከዚያ በፊት በ1955 እና በ1956 ዓ.ም. ለብሔራዊው ውድድር ደርሰው ዋንጫውን ሳያገኙ ተመልሰዋል። ይህን ማስተካከሌ ያለ ነገር አይደለም። አምስት ዓመት የተደከመበትን ሥራ በአንድ ዓመት እንደ ተገኘ አድርጎ ማውራት፣ ደካሞቹን ድካማቸውን መንሣት ነው።

በ1958 ዓ.ም. ቡድኑ አሥራ ሁለት ተጫዋቾች ነበሩት፤ ሰባቱ ጥቁሮች፣ አራቱ ነጮች፣ አንዱ የሜክሲኮ ዘር ያለው አሜሪካዊ። ቦቢ ጆ ሂል ከዲትሮይት አጠገብ፣ ኦርስተን አርቲስና ሃሪ ፍሎርኖይ ከጌሪ፣ ዴቪድ ላቲን ከሂውስተን፣ ዊሊ ዎርስሊ፣ ዊሊ ኬገርና ኔቪል ሼድ ከኒው ዮርክ የመጡ ናቸው። የዎርስሊ ቁመት 1 ሜትር ከ68 ሳንቲም ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም ከብዙዎቻችን የክፍል ጓደኞች አይበልጥም። ቅርጫት ኳስ የረጃጅሞች ብቻ ነው ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

የኮሌጆች የውድድር ዘመን ከኅዳር እስከ መጋቢት ይዘልቃል። መጀመሪያ መደበኛው ጨዋታ ይካሄዳል፤ በዚህ አንድ ጊዜ መሸነፍ ከውድድር አያስወጣም። ከዚያ የተመረጡት ቡድኖች ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፤ በዚህኛው ግን አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ አገሩ ይመለሳል። በዚያ ዓመት ለጥሎ ማለፉ የተጠሩት 22 ኮሌጆች ነበሩ።

ቴክሳስ ዌስተርን በመደበኛው ጨዋታ 23 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ስመ ጥር የነበረውን አይዋን 86 ለ68 ረታ። የካቲት 26 ቀን ግን በሲያትል 74 ለ72 ተሸነፈ። የሚያስደንቀው፣ እስከዚያ ድረስ ያልተሸነፈው ሌላው ታላቅ ቡድን ኬንተኪም በዚያው ቀን መሸነፉ ነው። ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ቀን ቀመሱት፤ ሁለት ሳምንት ቆይተውም በፍጻሜው ተገናኙ።

ወደ ፍጻሜው የሚወስደው መንገድ ግን ቀላል አልነበረም። ቴክሳስ ዌስተርን መጀመሪያ ኦክላሆማ ሲቲን 89 ለ74 አሸነፈ። ሲንሲናቲን ያሸነፈው በተጨማሪ ጊዜ 78 ለ76 ነው። ከካንሳስ ጋር ሲጫወት ደግሞ ልብ የሚያቆም ነገር ሆነ። በመጀመሪያው ተጨማሪ ጊዜ ማለቂያ ላይ የካንሳሱ ጆ ጆ ዋይት ከሩቅ ወርውሮ አገባ፤ ተመልካቹም ጨዋታው ያለቀ መሰለው። ዳኛው ግን እግሩ የሜዳውን መሥመር ረግጧል ብሎ ሻረው። ሁለተኛ ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቶ ቴክሳስ ዌስተርን 81 ለ80 አሸነፈ። የአንድ ዓመት ድካም በአንድ ጫማ ተረከዝ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

በግማሽ ፍጻሜው ተጋጣሚው ዩታ ነበር። የዩታው ጄሪ ቼምበርስ የሚያቆመው ጠፍቶ ብቻውን 38 ነጥብ አገባ። በዚያ ጭንቅ ሰዓት አሠልጣኙ ከተጠባባቂዎች መካከል ጄሪ አርምስትሮንግ የተባለውን ነጭ ተጫዋች አስገብተው እርሱን ጠብቅ አሉት። አርምስትሮንግም የታዘዘውን በሚገባ ፈጸመ፤ ጨዋታውም በ85 ለ78 ድል አለቀ። በፍጻሜው ግን አርምስትሮንግ አልተሰለፈም። እኔ በክፍላችን ቡድን ብዙ ጊዜ ተጠባባቂ ሆኜ የምቀመጥ ስለሆንሁ፣ ከታሪኩ ሁሉ ይህን ክፍል አብልጬ እወደዋለሁ። ዋንጫው ላይ የማይታይ ሰው ዋንጫው እንዲመጣ አድርጓልና።

ፍጻሜው መጋቢት 10 ቀን 1958 ዓ.ም. በሜሪላንድ ተደረገ። የኬንተኪ አሠልጣኝ ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ዋንጫ የወሰዱት አዶልፍ ራፕ ናቸው፤ ተጫዋቾቻቸው በሙሉ ነጮች ነበሩ። ኬንተኪ በሚጫወትበት የደቡብ ምሥራቅ ኮሌጆች ማኅበር ውስጥ በዚያን ጊዜ አንድም ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አይሰለፍም ነበር። በሌሎችም ብዙ ኮሌጆች ጥቁር ተጫዋች ቢኖር እንኳ አንድ ሁለቱን ብቻ የማሰለፍ ልማድ ነበረ። በእርግጥ በ1955 ዓ.ም. የቺካጎው ሎዮላ አራት ጥቁሮችን አሰልፎ ዋንጫውን ወስዷል። አምስቱንም ጥቁር አድርጎ ፍጻሜውን የጀመረ ግን ከቴክሳስ ዌስተርን በፊት አልነበረም። የዘር መድልዎን የሚከለክለው ትልቁ የአሜሪካ ሕግ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ጨዋታው እንደ ተጀመረ ፍሎርኖይ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ፤ ኬገር ተተካ። አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ሄደ ሂል ከኬንተኪ ተጫዋች እጅ ኳሱን ነጥቆ ብቻውን ሮጦ አገባ፤ ወዲያውም ከሌላው ነጥቆ ደገመው። እረፍት የወጡት 34 ለ31 እየመሩ ነው። በመጨረሻ ቴክሳስ ዌስተርን 72፣ ኬንተኪ 65 ሆኖ ተፈጸመ። ሂል 20 ነጥብ አገባ።

አሁን ያችን አንድ ነጥብ እናስታውስ። በጨዋታ መካከል ኬንተኪ 27 ጊዜ ሲያገባ ቴክሳስ ዌስተርን ያገባው 22 ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ 54 ለ44 ሆኖ ኬንተኪ በ10 ነጥብ በልጦ ነበር። ነገር ግን ቴክሳስ ዌስተርን 34 የቅጣት ውርወራ አግኝቶ 28ቱን አገባ፤ ኬንተኪ ከ13 ውርወራ 11 አገባ። 44 እና 28 ሲደመር 72 ነው፤ 54 እና 11 ደግሞ 65 ነው። ስለዚህ ዋንጫውን ያመጣው ሕዝቡ የሚያጨበጭብለት ሩጫና ዝላይ ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ሳያይ ባዶ አዳራሽ ውስጥ መቶ ጊዜ የሚለመደው ውርወራ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ይመስለኛል።

ከድሉ በኋላ ነገሩ ሁሉ ደስታ ብቻ አልነበረም። ሃስኪንስ ብዙ የስድብ ደብዳቤ ይደርሳቸው እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ታሪክ ልሥራ ብለው ሳይሆን የተሻሉ ተጫዋቾቻቸውን እንዳሰለፉም ደጋግመው ገልጸዋል። ይሁን እንጂ በሩ መከፈት ጀምሮ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ፔሪ ዋላስ የቫንደርቢልት ኮሌጅን ማልያ ለብሶ በዚያ በደቡብ ምሥራቅ ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ፤ ኬንተኪም ራሱ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጥቁር ተጫዋች አሰለፈ። የ1958ቱ ቡድን በሙሉ፣ ተሰላፊውም ተጠባባቂውም፣ በ1999 ዓ.ም. በቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። ሃስኪንስ ያረፉት በ2000 ዓ.ም. ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያስቀረው የአገራችን የእግር ኳስ ቡድን አምበል፣ አባቱ ጣልያናዊ እናቱ ኤርትራዊት የሆነው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ያን ጊዜም የተጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችል ቢሆን ነው ዋንጫው አገር ውስጥ የቀረው።

የጊንጪ ሰው ደግሞ ሜዳ ለወጣት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረውም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በከተማችን ተማሪዎች ድምፃቸውን ካሰሙባቸው ነገሮች አንዱ ከደኑ ጋር የኳስ ሜዳው ጉዳይ ነበር። ሜዳው ከተገኘ በኋላ ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ማን ይግባበት የሚለው ነው። በየሰፈሩ ቡድን ሲመረጥ፣ «ይህ ከገጠር የመጣ ነው፤ ጫማም የለው»፣ «ይህች ሴት ናት፤ ውሃ ትቅዳ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ በኪራይ ቤት እየኖረ የሚማረው ልጅ ምን ያህል እንደሚሮጥ ሳይታይ ይመለሳል። እንዲህ የሚመርጥ ሰው የሚጎዳው ልጁን ብቻ አይደለም፤ የራሱን ቡድን ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሴት ልጆቻችሁን ከትምህርት በኋላ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ለጨዋታ እንድትፈቅዱላቸው፣ መምህሮቻችን ቡድን ስትመርጡ ከኋላ የቆመውንም እንድታዩት፣ ጓደኞቼም ተጠባባቂ የሆናችሁ ልምምዳችሁን እንዳትተዉ በትሕትና እለምናለሁ። በቴክሳስ ዌስተርን ላይ የታየው ይህ ነው፤ የሚችለውን ሁሉ አስገባ፤ የገባውም ትንሿን ነጥብ ሳይንቅ ደከመባት።