ሙቀት ያጠረው ቁራ

ተልኮ የቀረን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» እንለዋለን፤ ከኖኅ መርከብ ወጥቶ በዚያው የቀረውን አስበን። ደጋ ላይ የምናውቀው ቁራ ግን ከሰው አይርቅም። ማጅራቱ ላይ ያለው ነጭ ምልክትና ከጭንቅላቱ የሚረዝመው ወፍራም መንቁሩ ከሩቅ ያስለዩታል። በዚያ መንቁር ጥንብ ይገነጥላል፤ ደረቅ እበት እየበተነ ትል ይለቅማል። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ያም ሆኖ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ እምብዛም ከማያሰጉት ተርታ አስፍሮታል።

ቦረና ውስጥ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ አካባቢ ሌላ ቁራ አለ። አመድማ ነው፤ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ የዓይኑ ዙሪያ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ። የያቤሎ ቁራ ልበለው። ጣሊያናዊው ሞልቶኒ በ1938 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬሰማኒ ብሎ ሰየመው። መልኩ ግራ ስላጋባ የቁራ ዘር መሆኑን የተጠራጠሩም ነበሩ። የዘረመል ጥናት ግን ከደገኛው ቁራ ጋር በአንድ አስተኔ፣ በቁራዎች ውስጥ መሆኑን አረጋገጠ። ወገናቸው ግን ይለያያል። ደገኛው ኮርቩስ በሚባለው ሰፊ ወገን ውስጥ ብዙ ወንድሞች ሲኖሩት፣ የያቤሎው በወገኑ ብቸኛ ዝርያ ነው። ከቅርብ ዘመዶቹ መካከል በመካከለኛው እስያ በረሃ መሬት ለመሬት የሚሮጡ ወፎች ይገኙበታል። እሱ ቢጠፋ ወገኑ አብሮ ይጠፋል።

ቀይ መዝገቡም የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት ይለዋል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የወሰኑ ነገር ነው። ከሚኖርበት ሜዳ ቀጥሎ ያለው መሬት ያው ግራር፣ ያው ሣር፣ ያው የከብት መንጋ ያለበት ነው፤ ወፉ ግን አይሻገርም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ምስጢሩን ከሙቀት ጋር አገናኘው፦ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ ወፉም ይቀራል። ሜዳው እንደ ደሴት ነው፤ ዙሪያውን ይበልጥ የሚሞቅ ቆላ ከቦታል።

ችግሩ ሙቀት ብቻ አይደለም። ይህ ቁራ የሚወደው ከብት የጋጠው አጭር ሣር ነው፤ ነፍሳትን የሚቆፍረው እዚያ ነውና። ቁጥቋጦ ሲወርሰው ወይም ሲታረስ መመገቢያው ይጠባል። ወደ ሙቀቱ ስንመለስ፣ ተመራማሪዎች እንዳዩት ቀኑ ሲግል አፉን ከፍቶ እያለከለከ ወደ ግራር ጥላ ይገባል። በዚያው ሙቀት በአጠገቡ ያሉት ሌሎች ወፎች ፀሐይ ላይ ምግባቸውን ይለቅማሉ።