ኮምፒውተርና የፔጀር አስተላላፊ እንዴት ይግባባሉ?

አዘዞ ያለ ኮምፒውተር ጎንደር ከተማ የሚገኝ ተረኛ ሐኪምን በፔጀር ይጥራ እንበል። ጽሑፉ በአርኤስ-232 ገመድ ቢት በቢት ተከታትሎ ወደ አስተላላፊው ይደርሳል። የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ይገናኛል፤ የሁለቱ ፍጥነትም እኩል መሆን አለበት። ታፕ የተባለው ፕሮቶኮል ለእያንዳንዱ ፊደል 7 የመረጃ ቢት፣ ተጋማሽ ፓሪቲና 1 የማቆሚያ ቢት ይጠይቃል። 7 ቢት የሚይዘው 128 ምልክት ብቻ ስለሆነ ለ231ዱ ፊደሎቻችን አይበቃም፤ አማርኛው በላቲን ፊደል ይጻፋል።

አስተላላፊው «ተቀብያለሁ» ሲል መልእክቱን ተረከበ ማለት እንጂ ሐኪሙ አነበበው ማለት አይደለም። ተራ ፔጀር ይቀበላል እንጂ አይመልስም፤ ስለዚህ ሐኪሙ በስልክ እስኪያረጋግጥ ድረስ ጥሪው እንደ ደረሰ አይቆጠርም።