ተቅማጡ ቆመ፤ ቫይረሱስ?

በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው የሰነበተ ሕፃን አንድ ቀን ድንገት ተነስቶ ኳስ ያባርራል። እናትም «ተመስገን፣ ለቀቀው» ትላለች።

ቫይረሱ ግን ገና አልለቀቀውም።

የሕፃናት ተቅማጥ የሚያመጣው ሮታ ቫይረስ ሕመሙ ካለፈ በኋላም ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ እስከ 10 ቀን ገደማ፣ በአንዳንድ ልጆች ደግሞ ከ50 ቀን በላይ ሲቆይ ታይቷል። ሌላው የተቅማጥ አምጪ ኖሮ ቫይረስም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይሰነብታል። ልጁ ዛሬም ታማሚ ነው ማለት አይደለም፤ የሚወጣው መጠን እየሳሳ ይሄዳል። ክፋቱ ሌላውን ለማስያዝ እጅግ ጥቂቱ መብቃቱ ነው። ታናሽ ወንድም ባለበት ቤት ፖፖ ያጸዳ እጅ በውሃና በሳሙና ካልታጠበ ነገሩ ዙሩን ይጀምራል። በኮሮና ዘመን የተለመደው የእጅ አልኮል እዚህ ብዙም አያስተማምንም፤ ኖሮ ቫይረስ ለአልኮል በቀላሉ አይበገርም። ለወለሉ በረኪና ይሻላል።

ኢትዮጵያ የሮታ ክትባትን በመደበኛው መርሐ ግብር ያስገባችው በ2006 ዓ.ም. ነው። ሕፃናት በ6ኛና በ10ኛ ሳምንታቸው በአፍ ይወስዱታል። ከባዱን የሮታ ሕመም ይከላከላል፤ ኖሮን ግን አይነካም።

ለአዋቂ ሆድ ማቅለያ የሚጠጣው የአምቦ ውሃስ? ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የኦ.አር.ኤስ. ምትክ አይሆንም፤ የተመጠነው ስኳርና ጨው የለውም። ከኦ.አር.ኤስ. ጋር አብሮ የሚታዘዘው ዚንክ ደግሞ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ቢያንስ ለ10 ቀን ይሰጣል።