በፍጅል ሣጥን ውስጥ የተገኘው ልጅ

ልጆቹን ይዞ ሲኒማ የሚገባ ወላጅ ብዙ ጊዜ ከሁለት ድካሞች አንዱ ይደርስበታል። ወይ ፊልሙ ለልጆች ብቻ የተሠራ ይሆንና አባት ከመቀመጫው ላይ ያንቀላፋል፤ ወይም ለዐዋቂዎች የሚስማማ ይሆንና ልጆቹ «መቼ ነው የሚያልቀው?» እያሉ ይነዘንዛሉ። አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ጊዜ የሚሥቁበት፣ በአንድ ጊዜም ጸጥ የሚሉበት ሥራ ጥቂት ነው። «ኩንግ ፉ ፓንዳ 2» የተባለው የሥዕል ፊልም ከእነዚህ ጥቂቶች የሚቈጠር ነው።

ፊልሙ ድሪምወርክስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ በግንቦት ወር 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) የታየ ሲሆን፣ ከዚያ 3 ዓመት ቀድሞ የወጣው ፊልም ተከታይ ነው። ፓንዳ በቻይና ተራሮች የሚኖር፣ ነጭና ጥቁር ጠጉር ያለው፣ ቀርከሃ የሚመገብ የድብ ዘር መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። በመጀመሪያው ፊልም ፖ የተባለ ወፍራምና ሆዳም ፓንዳ ማንም ሳያስበው የአገሩ ጠባቂ ተዋጊ እንዲሆን ተመረጠ፤ ከብዙ መውደቅና መነሣት በኋላም ኩንግ ፉ የሚባለውን የቻይና የትግል ጥበብ ተማረ። በዚያ ፊልም አንድ ነገር ሳይነገር ቀርቶ ነበር። የፖ አባት ተብሎ የሚታየው ሚስተር ፒንግ የሾርባ ምግብ ሻጭ የሆነ ዝይ ነው። ዝይ እንዴት አድርጎ ፓንዳ ይወልዳል? ተመልካች ሁሉ ነገሩን እንደ ቀልድ ቈጥሮ አለፈው። ሁለተኛው ፊልም ያንኑ ቀልድ አንሥቶ የምር ጉዳይ አደረገው።

ነገሩ የሚጀምረው ፖ ከተኩላ ወንበዴዎች ጋር ሲዋጋ ነው። በአንዱ ተኩላ ልብስ ላይ ያለውን ምልክት ሲያይ በልቡናው የተቀበረ የሕፃንነት ትዝታ ድንገት ይበራበታል፤ ክንዱም ይዝላል። ወደ ቤቱ ሄዶ አባቱን «እኔ ከወዴት መጣሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ፒንግም የዝይ ጫጩት ከእንቍላል እንደሚወጣ ሊያስረዳው ይሞክራል፤ ልጆች በዚህ ይሥቃሉ። ዐዋቂው ግን የአባትዮውን ፊት ያያል። ይህን ቀን ለዓመታት ሲፈራው የኖረ ሰው ፊት ነው።

ከዚያም እውነቱን ይነግረዋል። አንድ ቀን ከሱቁ ጓሮ የአትክልት ሣጥኖች ሲራገፉ፣ ፍጅል ሊኖርበት በሚገባው ሣጥን ውስጥ የተራበ የፓንዳ ግልገል አገኘ። ደብዳቤ የለ፣ ምልክት የለ። ፈልጎ የሚመጣ ይኖራል ብሎ ጠበቀ፤ የመጣ ግን አልነበረም። ወደ ቤት አስገባው፤ አበላው፣ አጠበው፣ ደግሞም አበላው። በዚያ ቀን ሾርባውን ያለ ፍጅል ሊሠራ፣ ያንን ግልገልም እንደ ልጁ ሊያሳድግ ወሰነ። ታሪኩ በጣም አጭር ነው፤ ለፖ አልበቃውም። ፒንግ የሚያውቀው ግን ይኸው ብቻ ነው፤ የበለጠ ቢያውቅ ኖሮ በነገረው ነበር።

ከዚህ ላይ የአገራችንን ቤት ሳላስብ ማለፍ አልቻልሁም። የሌላውን ልጅ ወስዶ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ በእኛ ዘንድ ጥንታዊ ልማድ ነው፤ የጡት ልጅ ይባላል፣ ከኦሮሞ ወገኖቻችን በተወሰደው ቃል ደግሞ ጉዲፈቻ ይባላል። ማሳደጉን እናውቅበታለን፤ መንገሩን ግን እንፈራለን። ልጁ እውነቱን ከአሳዳጊዎቹ አፍ ሳይሆን በጠብ ጊዜ ከጎረቤት ልጅ አፍ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ለነብሯ ተዋጊ ድምፅዋን የሰጠችው አንጀሊና ጆሊ እንኳ በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ከኢትዮጵያ አንዲት ሕፃን ወስዳ ያሳደገች እናት ናት። የአገራችን ሕፃናት በውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ እንዳይወሰዱ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቢከለከልም፣ ከዚያ በፊት የሄዱት ዛሬ አድገው የፖን ጥያቄ የሚጠይቁ ሆነዋል።

የፖ ጠላት ሸን የተባለ ነጭ ጣዎስ ነው። ወላጆቹ የጎንግመን ከተማ ገዢዎች ሲሆኑ፣ ርችትን ፈልስፈው ሕዝቡን ያስደስቱ ነበር፤ እርሱ ግን በርችቱ ባሩድ መድፍ ለመሥራት አሰበ። ባሩድ በእርግጥም የተገኘው በቻይና ነው። አንዲት አሮጊት ፍየል ነጭና ጥቁር የለበሰ ተዋጊ ያሸንፍሃል ብላ ትንቢት በነገረችው ጊዜ የፓንዳዎችን መንደር አስፈጀ። የፖ እናት ልጇን በፍጅል ሣጥን ደብቃ፣ ተኩላዎቹን ከእርሱ ለማራቅ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሮጠች። ይህን የሚያይ የእኛ ሰው ሄሮድስን፣ ሙሴንም በደንገል ቅርጫት ያኖረችውን እናቱን ማስታወሱ አይቀርም።

ሸን ስለ ክፋቱ ከአገር ተባረረ፤ «ወላጆቼ አልወደዱኝም» ብሎም ቂም ይዞ ኖረ። ፍየሊቱ ግን ወላጆቹ እርሱን በማባረራቸው ኀዘን እንደ ሞቱ ትነግረዋለች። አይሰማትም። እንግዲህ ቤተ መንግሥት የተወለደው ልጅ እንዳልተወደደ አምኖ ሲኖር፣ ሁሉን ያጣው ልጅ ግን በሾርባ ቤት ተወዶ አደገ። በመጨረሻው ውጊያ ሸን ወላጆቹን የነጠቀውን ፓንዳ በሰላም ቆሞ ሲያየው ይህ እንዴት እንደ ሆነ ይጠይቀዋል፤ መልሱን ሰምቶም አይቀበለውም፤ በገዛ መድፉ ተደፍጥጦ ይሞታል።

ፊልሙን ያዘጋጀችው ጄኒፈር ዩ ኔልሰን በደቡብ ኮሪያ ተወልዳ በ4 ዓመቷ ወደ አሜሪካ የሄደች ሠዓሊ ናት። በታላላቆቹ የሆሊውድ ኩባንያዎች ሙሉ የሥዕል ፊልም ብቻዋን ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ660 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ለኦስካር ሽልማትም ታጭቶ ነበር። ሥራው በኮምፒዩተር የተሠራ ሲሆን የፖ ትዝታዎች ግን በእጅ እንደ ተሣለ ጠፍጣፋ ሥዕል ይታያሉ። ሕፃን ልጅም እንኳ ማንም ሳያስረዳው ይህ ያለፈ ነገር መሆኑን ያውቃል። ይህን ብልኀት እጅግ ወድጄዋለሁ።

ነቀፌታም አለኝ። የተኩላዎቹ ወረራና የመድፉ ድምፅ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚያስፈራ ነውና ወላጅ አጠገባቸው ይቀመጥ። ደግሞም በመጨረሻው ደቂቃ የፖ ወላጅ አባት በሩቅ አገር በሕይወት እንዳለ ይታያል፤ ይህ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ለወጣው ሦስተኛ ፊልም መንገድ ለመጥረግ የገባ እንጂ ታሪኩ የፈለገው አይመስለኝም።

ታሪኩ የሚያልቀው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ፖ ከጦርነቱ ተመልሶ ወደ ሾርባ ቤቱ ይገባል። ፒንግ ስለ ጉዞው ሊጠይቀው እየፈራ ይቆማል። ፖም ማን እንደ ሆነ እንዳወቀ ይነግረዋል፤ የእርሱ የፒንግ ልጅ ነው። ዝዩ ወዲያው እርቦሃል፣ ምግብ ልሥራልህ ይላል። ፖ ደግሞ አይሆንም፣ እኔ እሠራለሁ ይላል። ሁለቱም «እኔ ልሥራ፣ እኔ ልሥራ» እየተባባሉ ይከራከራሉ።