በሐይቅ ላይ ስለሚሠሩ የጀልባ ሞተሮች ማስነሻና ባትሪ መሙያ አጠባበቅ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። በደቅ ደሴት የሚኖረው ገበሬ ምርቱን ወደ ገበያ፥ ሕመምተኛውንም ወደ ሐኪም የሚያደርሰው በውሃ ላይ ነው። ስለዚህ በጀልባ ሞተር ላይ የአንዲት ሽቦ መላላት እህል በወደብ እንዲቀር፥ ሰውም በነፋስ መካከል እንዲጉላላ ያደርጋል።

አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በጀልባ ውስጥ የተተከለ አሮጌ የናፍጣ ሞተር አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ያለ ባትሪ ሊሠራ ይችላል። ባትሪ መሙያው፥ ማለት አልተርኔተሩ፥ ሥራውን ቢያቆምም ጀልባው እንደ ወትሮው ስለሚጓዝ ነጂው አያውቅም። ጉድለቱ የሚገለጠው ሞተሩ በደሴት ዳር ጠፍቶ እንደ ገና እንዲነሣ በተፈለገ ጊዜ ነው። ስለሆነም ምርመራው መደረግ ያለበት ጧት ከወደብ ሳይነሡ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል ከባትሪው በወፍራም ሽቦ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል፤ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በሞተሩ ብረትና በመመለሻው ሽቦ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ይመረምራል፤ የሚመለስበትን ግን ይረሳል። ጉድለቱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚያው ነው።

ሞተሪኖው እምቢ ባለ ጊዜ አዲስ ከመግዛት በፊት በቮልት መለኪያ መመርመር ይገባል። ያረፈ የ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲገኝ 12.6 ያህል ያሳያል፤ 12 ከሆነ ወደ ማለቁ ተቃርቧል። ቁልፉ ሲዞር ቶሎ ቶሎ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ቢሰማ ባትሪው ደክሟል፥ ወይም ማሰሪያው ላልቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ቢል ወፍራሙን ሽቦ፥ ሶሌኖይዱንና ሞተሪኖውን መርምሩ። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙን፥ ቁልፉንና ቀጭኑን ሽቦ እዩ፤ ማርሹም ገለልተኛ ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ከዚያ ናፍጣውን ዘግቶ፥ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በአንዱ ወፍራም ሽቦ ሁለት ዳር ማስነካት ነው። ከ0.5 ቮልት በላይ ቢያሳይ ያ ሽቦ ወይም ማሰሪያው ተበላሽቷል። 200 አምፔር በሚያልፍበት መንገድ 1 ቮልት ቢጠፋ 200 ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የጋለ ማሰሪያ በእጅም ይታወቃል። ሽፋኑ ሥር አረንጓዴ ዝገት የያዘ መዳብ ይቆረጣል እንጂ አይጠገንም።

ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ከተነበበ መሙያው ደኅና ነው። ከ13 በታች ቢሆን በመጀመሪያ ቺንጋው እንዳልላላ፥ ቀጥሎ ከአልተርኔተሩ ጀርባ ያለው ሽቦ እንዳልተነቀለ ይታይ። ከ15 በላይ ቢሆን መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ ባትሪውንም ያፈላዋል። ቁልፉ ሲከፈት የመሙያው መብራት ካልበራ አምፖሉን ወይም ቀጭን ሽቦውን መመርመር ነው፤ በብዙ አልተርኔተሮች ሥራውን የሚያስጀምረው በዚያ መብራት የሚያልፈው ኃይል ነውና።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ መፍታት ፈጽሞ አይገባም፤ በድንገት የሚዘልለው ቮልት የአልተርኔተሩን ዳዮዶች ያቃጥላል። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ ይከተላል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ የሚፈነዳ ስለሆነ እሳት አይቅረበው።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንትና ባለ ጀልባዎች አንድ የቮልት መለኪያና አንድ መዝገብ በየጀልባው እንዲኖር ቢያደርጉ መልካም ነው። ነጂው ጧት ጧት ሁለት ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ አንዱን ሞተሩ ሳይነሣ፥ ሁለተኛውን ከተነሣ በኋላ። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ሲወርድ የታየ እንደ ሆነ ጥገናው በወደብ ይደረጋል፤ ሰውና እህልም በውሃ ላይ አይቀሩም።