ፊታቸውን የተነጠቁ ጀግኖች

ቴሌቪዥን በየቤቱ ከመግባቱ በፊት አሜሪካዊው አንባቢ በ10 ሳንቲም ከኪዮስክ ገዝቶ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ያነብ ነበር። «ፐልፕ» የሚባሉት እነዚህ መጽሔቶች የሚታተሙት በርካሽ ወረቀት ላይ ነበር፤ ወረቀቱ ቶሎ ይወይባል፣ ጠርዙም ይፈረፈራል። በ1930ዎቹ (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ገበያውን ከመሩት ጀግኖች ብዙዎቹ ፊታቸውን የሸፈኑ ወንጀል አዳኞች ነበሩ።

ከሁሉም ስመ ጥር የሆነው ዘ ሻዶው መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነበር። ስትሪት ኤንድ ስሚዝ የተባለው አሳታሚ የመርማሪ ታሪኮች መጽሔቱን ለማስተዋወቅ በ1930 የሬዲዮ ዝግጅት ጀመረ፤ አድማጩ ግን መጽሔቱን ትቶ ስለ ተራኪው አስፈሪ ድምፅ ይጠይቅ ጀመር። አሳታሚው በ1931 ለድምፁ የራሱን መጽሔት አወጣለት። ከ325ቱ ልብ ወለዶች 282ቱን የጻፈው ዋልተር ጊብሰን የአስማት ትርኢት የሚያውቅ ሰው ስለነበር ጀግናውንም በጥላ ውስጥ የሚሰወር፣ ባርኔጣና ካባ የለበሰ አድርጎ ሣለው።

ጭንብሉ ለደራሲው ብዙ ሥራ ያቃልላል። ጀግናው ከሕግ ውጭ ስለሚሠራ ፖሊስም ያሳድደዋል፤ ቀን ቀን ደግሞ የተከበረ ባለጸጋ ነው። ይሁን እንጂ ጭንብል አውልቀው ያስቀምጡታል። ባለጸጋው ደክሞት ቤቱ ቢቀመጥ ምን ይከለክለዋል? በ1939 የወጡ ሁለት ታሪኮች መልሳቸው ጨካኝ ነው።

የመጀመሪያው ዘ አቬንጀር ነው። ሪቻርድ ቤንሰን ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር አውሮፕላን ይሳፈራል። በበረራው መሀል ለአፍታ ወደ መታጠቢያ ክፍል ገብቶ ሲመለስ ሁለቱም የሉም፤ በአውሮፕላኑ ያሉት ሁሉ «ብቻህን ነው የተሳፈርከው» ይሉታል። ድንጋጤው ፀጉሩን ያነጣዋል፣ ፊቱን ያደነዝዘዋል። ከዚያ በኋላ መሳቅም ማልቀስም አይችልም። ደራሲው ፖል ኧርንስት ይህን ጉዳት ወደ መሣሪያ ይቀይረዋል፤ የቤንሰን ፊት በጣት ሲጫኑት ቅርጽ ይይዛል፣ ስለዚህ የፈለገውን ሰው መምሰል ይችላል። ሌሎቹ ጭንብል ያጠልቃሉ፤ የእሱ ጭንብል ግን የገዛ ቆዳው ነው። በእኔ ግምት በዘመኑ ፐልፕ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ የለም። የሚያሳዝነው በ13ኛው ታሪክ ፊቱ መዳኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤንሰን እንደ ማንኛውም መርማሪ ሆነ፤ መጽሔቱም በ1942 ተዘጋ።

ሁለተኛው ብላክ ባት ነው። ዐቃቤ ሕጉ ቶኒ ክዊን ፍርድ ቤት ውስጥ አሲድ ተረጭቶበት ይታወራል፤ በዓይኖቹ ዙሪያም ጠባሳ ይቀራል። በኋላ በምስጢር በተደረገ ቀዶ ሕክምና የአንድ ፖሊስ ዓይን ይተከልለታል፤ ጭራሽ በጨለማም ማየት ይጀምራል። ክዊን ሌሊት የሌሊት ወፍ ልብስ ለብሶ ወንጀለኞችን ያድናል፤ ቀን ቀን ግን ምርኩዝ ይዞ ዕውር መስሎ ይኖራል። ማን ይጠረጥረዋል?

ከእነዚህ በፊት የተበላሸ ፊት በፐልፕ ዓለም በአብዛኛው የክፉ ሰው ምልክት ነበር። አንባቢው ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች በሕይወት ባሉበት ዘመን ይኖር ነበር፤ አሜሪካዊቷ ቀራፂ አና ኮልማን ላድ ፓሪስ ውስጥ ፊታቸው ለተጎዳ ወታደሮች ከስስ መዳብ ጭንብል ትሠራ ነበር። የፐልፕ ደራሲዎች ጠባሳውን ለጀግና መስጠታቸው አንድ እርምጃ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ታሪኮች ቁስሉ ልዩ ኃይል ይዞ ነው የሚመጣው፤ የላድ ደንበኞች ያገኙት ኃይል አልነበረም።

ብላክ ባት በወጣበት ዓመት ባትማንም በኮሚክ መጽሔት ብቅ ብሎ ነበር። የሌሊት ወፍ ለባሾቹ መመሳሰል አሳታሚዎቻቸውን ሊያካስስ ደርሶ በስምምነት አለፈ። በ1942 ደግሞ ባትማን ቱ ፌስ የሚባል ጠላት አገኘ፤ እሱም ችሎት ላይ አሲድ የተረጨበት ዐቃቤ ሕግ ነው። አሲዱ ክዊንን ጀግና አደረገው፣ ይኸኛውን ወንጀለኛ። መጀመሪያ ስሙ ሃርቬይ ኬንት ነበር፤ በኋላ ዴንት ተባለ፣ ኬንት የሚለውን ስም ሱፐርማን ቀድሞ ይዞታልና።